የእማዬ አምሮት

ሰባት ዓመቴ ሳለ በሰፈራችን ውስጥ እንደኔ አፈር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የትኛው አሸዋ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ጥርስ ላይ እንደሚንቀጫቀጭ፣ የትኛው ምላስ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚሟሟ ለይቼ አውቅ ነበር። ሥራዬ ነበር። እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አምሮቷ ደግሞ አፈር ነበር።

ቤታችን የባትሪ ቤትን ግንብ ተደግፎ የተሠራ ነው። ባትሪ ቤት የምንለው እኔ ከመወለዴ በፊት የተዘጋውን ፋብሪካ ነው። የመኪና ባትሪ እየተሰበረ በውስጡ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት የሚቀልጥበት ቦታ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ረጅም ግንብ፣ ጣሪያው የተገነጠለ አዳራሽና እርግብ የሚያድርበት ጭስ ማውጫ ነበር። ከግንቡ ሥር አንድ የሲሚንቶ ቱቦ ወደ ግቢያችን ብቅ ይላል። ውኃ ከፈሰሰበት ዘመን አልፏል። አፉ ላይ ያለው አፈር ግን ግራጫ ነው፤ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ በንብርብር ይነሣል። የሚጣፍጠው እሱ ነበር።

አምሮት ቀልድ እንዳልሆነ ያስተማረችኝ ሸፊቃ ናት። ሸፊቃ የቀኝ ጎረቤታችን ናት፤ በራፏ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር፤ አምስት ወልዳለች።

"አቦ አስካለ፣ አምሮት አይናቅም" ትላት ነበር እማዬን። "ሚክዳድን ያረገዝኩ ጊዜ የኖራ ግድግዳ ስልስ ነው የከረምኩት። ይኸው እንደ ግመል ተመዘዘልሽ!"

"ዝም በይ፣ ሣህሉ እንዳይሰማሽ" ትላለች እማዬ እየሳቀች። ሣህሉ አባቴ ነው።

"ቢሰማስ? እሱ ነው የሚያረግዘው? አምሮቷን የከለከሏት ሴት ልጇ ጎድሎ ነው የሚወለድ፤ ወላሂ። ወይ ዓይን ይጎድለዋል፣ ወይ ቃል ይጎድለዋል።"

ቃል መጉደል ምን እንደሆነ አልገባኝም። ዓይን መጉደል ግን ገባኝ። አንድ ጠዋት ብተኛና ብረሳ ወንድሜ በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ታየኝ። ስለዚህ ረስቼ አላውቅም። ፀሐዩ ግንቡን ሳያግለው ተነሥቼ በማንኪያ ጫፍ ቅርፊቱን አነሣለሁ፤ ትንሽ ቆርሼ ምላሴ ላይ አደርጋለሁ፤ ጥሩ ከሆነ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዬ ውስጥ እጨምራለሁ። እማዬ በድስት ክዳን ላይ ለአፍታ ታሞቀውና በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ቀኑን ሙሉ ጉንጯ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ልብስ እያጠበች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ድንገት ቆም ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። እናቴን እንደዚያ ደስ ሲላት ያየሁት በዚያ ወራት ብቻ ነው።

ዝናችን ወጣ። የሸፊቃ ደንበኞች ለእህቶቻቸው፣ ለምራቶቻቸው እያሉ ባዶ የክብሪት ቀፎ ይሰጡኝ ጀመር። ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ይላክ ነበር። እየኮራሁ እሞላላቸዋለሁ። አምስት ነበሩ ወይስ ስድስት? የማን ቤት እንደሄደ፣ የተወለዱት ልጆች አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። ስማቸውን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ።

ሰዎቹ የመጡት በግንቦት ነው፤ ከተማችንን ትልቁ ጎርፍ ከመምታቱ ሁለት ዓመት በፊት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ውሻው እንኳ ከጥላው የማይነሣበት ሰዓት። ሦስት ናቸው። ሁለቱ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው የላስቲክ ጓንት አድርገዋል። ሦስተኛው ሰፊ ኮፍያ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ደብተር የያዘ ሰው ነው። ሌሎቹ ዳሂር ይሉታል። በግንቡ ሥር እየሄዱ በትንሽ መቆፈሪያ አፈር ያነሣሉ፤ በላስቲክ ከረጢት ያደርጋሉ፤ ዳሂር ከረጢቱ ላይ ይጽፋል።

ወዲያው ገባኝ። ዝናችን ሩቅ ደርሷል። የሚጽፈው የነፍሰ ጡሮቹን ስም ነው። አፋቸውን የሸፈኑት ደግሞ ወንዶች ስለሆኑ፣ ሲያነሡ እንዳያምራቸው ነው።

ትንሽ ተመለከትኳቸውና ተናደድኩ። የሚያነሡት አሸዋማውን ነው።

"እዚያ ያለው አይጣፍጥም" አልኩት።

ዳሂር ዞረ። "ምን አልሽ?"

"እሱ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ጥሩው እዚህ ነው፤ ቱቦው አፍ ላይ። ላዩን ትተህ ከሥሩ ያለውን አንሣ።"

ደብተሩን አጥፎ ቁጢጥ አለ። "ናያ፣ ነይ እስቲ" አለኝ በሱማሌኛና በአማርኛ። "አንቺ ይሄን ትበያለሽ?"

"እቀምሳለሁ እንጂ አልበላም። የምትበላው እማዬ ናት። አምሮቷ ነው።" እኛም ሥራውን የምናውቅ ሰዎች መሆናችንን እንዲረዳ ብዬ ጨመርኩ፦ "ያንተ ሚስትስ ስንት ወሯ ነው?"

ጓንት ያደረጉት ሁለቱ ሳቁ። አንደኛው ጨርቁን ከአፉ ዝቅ አድርጎ እስኪያስለው ሳቀ። ዳሂር አልሳቀም። ከቱቦው አፍ ራሱ አነሣ፤ ከሥር፣ ልክ እንዳልኩት። ከረጢቱ ላይ ጽፎ ሲጨርስ፣ "አባትሽ የት ነው?" አለኝ።

አባዬ ከኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ጫት ይቅማል። አብሮት የእህል መጋዘን ባልደረባው ሮብሌ ነበር። አባዬ ከዚያ መጋዘን ሲመለስ ሸሚዙ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ሰፈሩ ውስጥ ሲያልፍ አቧራውን አያራግፈውም። ያኔ ሥራ የሚወድ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ዓመት ብዙ ጎረቤት ሳይበላ ሲውል የኛ ቤት እንደማይራብ ማሳየቱ ነበር።

ዳሂር ሰላም ብሎ ቁጭ አለ። ከፊሉን ሰማሁ። "አፈሩ ውስጥ ጥሩ ያልሆነ ነገር ሊኖር ይችላል… ገና አልተመረመረም… ልጅህ እንደነገረችኝ ከሆነ ባለቤትህ አፈር ትበላለች። ብታቆም ነው የሚሻለው።"

አባዬ ቀና አለ። "ማን ነው አፈር የሚበላው?"

"ባለቤትህ። ነፍሰ ጡር ናት አሉ።"

ሮብሌ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ከት ብሎ ሳቀ። "አቦ ሣህሉ፣ ኩንታል ስትሸከም ውለህ ሚስትህን አፈር ታበላታለህ? ለኔ ብትነግረኝ አንድ ጣሳ ምስር እሰጥህ ነበር እኮ!" ቀልዱን ነው። ከዚያ በኋላ "የኔዋም ሳሙና ነበር የምታሸተው" እያለ ሊያለዝበው ሞከረ፤ ግን የተባለው አንዴ ተብሏል።

የአባዬ ጆሮ ሥር ሲቀላ አየሁት። "የኔ ሚስት አፈር አትበላም" አለ። "ስማ ወንድሜ፣ እኔ የእህል መጋዘን ነው የምሠራው። አፈርህን ይዘህ ሂድ።"

"አልተረዳኸኝም። መርዝ ሊሆን ይችላል ነው የምልህ። ውጤቱ ሲመጣ…"

"ሲመጣ ትመጣለህ። አሁን ሂድ።"

መርዝ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ መጋዘኑ ውስጥ ለአይጥ የሚደረገው ሮዝ እህል ነው። የኛ አፈር ደግሞ ሮዝ አይደለም። ሰውየው እንደተሳሳተ አወቅሁ። ከሱ ይልቅ ያስፈራኝ የአባዬ አስተያየት ነበር። ከዳሂር ትከሻ በላይ እኔን ነበር የሚያየኝ።

ሮብሌ እንደሄደ አባዬ ቆርቆሮዬን ወስዶ ቆሻሻው ላይ ገለበጠው። አልመታኝም። እማዬንም አልመታትም። ገብቶ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ከግድግዳው አወረደና ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

"ማዪልኝ" አላት።

"ሣህሉ፣ እኔ እኮ…"

"ሰው ፊት ነው የተነገረኝ። ሮብሌ ፊት። ነገ መጋዘኑ ውስጥ የማይስቅብኝ የለም። ማዪልኝ።"

እማዬ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በአንድ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ስድስት ወር አልፏት ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ በእጄ አንሥቼ አፌ አላደርግም" አለች። "ኪዳነ ምሕረት ትታዘበኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ።

መሐላዋን ጠበቀች። የእናቴን መሐላ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረው ይሆናል። ምራቋ አፏን ይሞላል፤ በየደቂቃው ወጥታ ትተፋለች። ቀትር ላይ ግቢው ላይ ውኃ ትረጭና አፈሩ ሲሸት አፍንጫዋን ግንቡ ላይ ለጥፋ ትቆማለች። አንድ ቀን እንደዚያ ቆማ ስታለቅስ ደረስኩባት። "ይጠይቀኛል" አለችኝ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። "ሌት ተቀን ይራገጣል። ስጪኝ ነው የሚለኝ።"

ሸፊቃ ይህን ሰምታ አንገቷን ነቀነቀች። "አይ ሣህሉ! ልጁን አጎደለው" አለች። አባዬ ባለበት ነው ያለችው፤ "ሰማህ አንተ? አጎደልከው!" አባዬ ጫማውን ፈለገ።

እኔ ግን አስቤበት ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ስታስብ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። እማዬ የማለችው በእጇ አንሥታ አፏ እንዳታደርግ ነው። እኔ በእጄ ባነሣው፣ እሷም ሳታውቅ ብትውጠው፣ መሐላው አይነካም፤ ሕፃኑም አይጎድልም። ኪዳነ ምሕረትም ብትሆን የምትወቅስበት ነገር የላትም።

ለእማዬ በሶ የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ድካም ሲጥላት፣ በትልቁ ኩባያ፣ በስኳር። ዳሂር ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ከበፊቱ የተሻለ አፈር አውጥቶ ነበር፤ ጥቁር ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ወንፊት አልነበረኝም፤ በአሮጌ ሻሽ ነፋሁት። በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ ጨመርኩ። በደንብ መታሁት።

እማዬ ጠጣች። ግማሹ ላይ ቆም አለች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ዛሬ በሶው ጥሩ ነው" አለች። "ምን አደረግሽበት?"

"ስኳር" አልኩ።

ከመሐላው እስከ ምጡ ሰባ ሁለት ቀን ነበር። ካላንደር ላይ ቆጥሬዋለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ኒቆዲሞስ በነሐሴ መጀመሪያ ተወለደ። ሁለቱን ዓይኖቹን ሳይ በደስታ ዘለልኩ። ትንሽ ነበር፤ ዝም የሚል፤ ጡት ሲሰጡት እንኳ የሚረሳ። ሸፊቃ በጨርቅ ጠቅልላ ለአባዬ ስትሰጠው፣ "ወሪያ፣ እስቲ ጩህ! ወንድ አይደለህ?" አለችው። አልጮኸም። "ጨዋ ነው" አለ አባዬ።

እስከ ዓመቱ ድረስ ጨዋ ነበር። ዓመት ሞልቶት አልተቀመጠም። በሁለት ዓመቱ አልተናገረም። በሦስት ዓመቱ አንድ ቀን ወለሉ ላይ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ ሲነቃ አላወቀንም። ከዚያ በኋላ ያ ነገር በወር፣ ኋላም በሳምንት ይመጣበት ጀመር። ጸበል ተወሰደ። ሐኪም ቤት የሚጥል በሽታ ነው አሉና ክኒን ሰጡት። ከየት መጣ ሲባሉ አንዳንዱ ከወሊድ ነው አለ፤ አንዳንዱ ከእግዚአብሔር ነው አለ። ስለ አፈር የጠየቀ የለም። እኛም አልተናገርንም፤ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ቤታችን ውስጥ ግን ጥርጣሬ አልነበረም። ቃል ነው የጎደለው፤ ሸፊቃ አስቀድማ ያለችው። እማዬ ኒቆን አቅፋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ትናገረው ነበር። "አምሮቴን ከለከልከኝ። አንድ ቁራሽ አፈር ነበር። ሰው ሳቀብኝ ብለህ ልጄን አጎደልከው።" መጀመሪያ መጀመሪያ አባዬ ይመልስላት ነበር፤ "የአሮጊት ወሬ ነው" ይል ነበር። ኒቆ አራት ዓመት ሲሞላው መመለሱን ተወ። አምስት ሲሞላው፣ "ልክ ነሽ" ማለት ጀመረ።

እኔም ጠላሁት። የሚያጥበው እሱ ነው፤ የሚያጎርሰው እሱ ነው፤ በሽታው ሲጥለው ራሱን በጭኑ ላይ የሚይዝለት እሱ ነው። መጋዘን ውሎ መጥቶ ትከሻው ላይ አድርጎት እስከ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ድረስ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሳይ ልቤ የበለጠ ይጨክናል። ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይሸከመዋል እል ነበር። በምስጢር ግን ሌላም ነገር አስብ ነበር። ኒቆ ሲስቅ፣ ወይም ስሜ ሲጠራ ዞር ሲል፣ ያቺ ትንሽ ነገር በሶው ውስጥ የጨመርኩለት ናት። የቀረው የጎደለው፣ በቂ ስላልቆነጠርኩለት ነው።

ሰባት ዓመት ሲሞላው አባዬ ትምህርት ቤት ወሰደው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ለምዝገባ ልጁ እጁን በራሱ ላይ አዙሮ የወዲያኛውን ጆሮ መንካት አለበት፤ ያልነካ አልደረሰም ይባላል። አባዬ ለሁለት ወር አለማምዶታል። መምህሯ "ጆሮህን ንካ" ስትለው ኒቆ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

"ጎበዝ! ስምህ ማነው?"

ጆሮውን ያዘ።

"አባትህ የት አለ? አሳየኝ እስቲ።"

ጆሮውን ያዘ። ሊያስደስታት እየፈለገ ነበር፤ በሌላኛው እጁም ሞከረ።

መምህሯ ደግ ሴት ናት። ወረቀቱን ለአባዬ መለሰችለትና "ለከርሞ አምጣው" አለችው። አባዬ ለከርሞ አመጣው። ለሚቀጥለውም ከርሞ አመጣው። ከዚያ በኋላ አላመጣውም።

ዳሂርን ድጋሚ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። ከዚራ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት እሠራለሁ። አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ጠርዙ የተበላ ሰነድ አምጥቶ ሁለት ኮፒ እንዳነሣለት ጠየቀኝ። "ቀስ ብለሽ፤ ወረቀቱ አርጅቷል" አለኝ። ባትሪ ቤት ፈርሶ ቦታው ለመኖሪያ ሊሰጥ ስለሆነ፣ በሥራ ዘመኑ የጻፈውን ሪፖርት እንደገና ለማስገባት ነው የመጣው። ገጹን መስተዋቱ ላይ ሳነጥፍ የግንቡን ንድፍ አየሁ። ቤታችንን አየሁ፤ ትንሽ አራት ማዕዘን። ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈውን አነበብኩ።

"ናሙና አሥራ አንድ። ከደረቀው ቱቦ አፍ የተወሰደ። ቦታውን የጠቆመችን በአካባቢው የምትኖር ሕፃን ናት። የእርሳስ መጠኑ ከተወሰዱት ሁሉ ከፍተኛው ሲሆን ለመኖሪያ ግቢ ይፈቀዳል ከሚባለው ሰባ እጥፍ ይበልጣል።"

ማሽኑ ብርሃኑን እያሳለፈ ጨረሰ። ወረቀቱ ወጣ። ምላሴ አልተሳሳተም ነበር።

"ልጅቷ እኔ ነኝ" አልኩት።

ዳሂር መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"እናትሽ አቆመች?"

"ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላ አቆመች።" የቀረውን አልነገርኩትም።

"ሕፃኑስ?"

"ሃያ ዓመቱ ነው።"

"ይናገራል?"

"አይናገርም።"

"ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር" አለኝ። "አንድ ጊዜ አባትሽ በር አልከፈተልኝም። ሁለተኛው፣ ጎርፉ የገባ ሳምንት ነው፤ ከተማው ሬሳ እየፈለገ ስለ አፈር ማን ይሰማኛል? ከዚያ ሌላ ቦታ ተመደብኩ። ሪፖርቱን ለቢሮው ሰጥቻለሁ። ለቢሮ መስጠት ለሰው መናገር መስሎኝ ነበር።"

መድኃኒት እንዳለ ጠየቅሁት። ያኔ በልጅነቱ ቢታወቅ ምናልባት አለኝ፤ የተጎዳው ግን በሆድ እያለ ስለሆነ ምናልባት ያኔም አይመለስም ነበር። አሁን እርሳሱ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። "የእናትሽም፣ ያንቺም አጥንት ውስጥ አለ" አለኝ።

ሪፖርቱን አስገባ። ሰነዱ ሃያ ዓመት ያለፈው ስለሆነ አዲስ ጥናት ያስፈልጋል ተባለ። አዲስ ጥናት ሳይደረግ ግሬደሩ መጣ። ግንቡ ፈረሰ፤ ከሥሩ የተገፋው አፈር እንደ ኮረብታ ተከመረ። ለም ነው፣ ጥሩ ነው እያሉ ሰዎች ለግቢያቸው መሙያ በጋሪ ይወስዱት ጀመር። አንዱን ባለ ጋሪ አስቆምኩት። እንዲህ በመንገድ ላይ ሰው አስቁሜ አላውቅም።

"ይሄ አፈር መርዝ አለው" አልኩት።

አካፋውን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አቦ እህቴ፣ ልንበላው ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀና አህያውን ነዳ።

ለአባዬ የነገርኩት በዚያ ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት ነው። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አባዬ ኒቆን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ጢሙን እየላጨው ነበር። ኒቆ ሳይታሰብ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ አባዬ የሚላጨው አገጩን በግራ መዳፉ ይዞ፣ ምላጩን በአጭር በአጭሩ እያስኬደ፣ ሁሌ እያወራለት ነው። "ደርሰናል፣ ደርሰናል የኔ ጌታ። ቀና በልልኝ።"

አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። አፈሩ ምን እንደነበረበት። ሕፃኑን የጎዳው አምሮቱ መከልከሉ ሳይሆን አምሮቱ እንደነበረ። ከልካዩ ትክክል እንደነበር። ከዚያ በሶውን ነገርኩት፤ ሰባ ሁለቱን ቀን።

በሶው ላይ ስደርስ ምላጩ ቆመ። ኒቆ አገጩ ላይ በአረፋው መካከል ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ። አባዬ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ያዘው።

"ሰውየው ኮፍያ ነበረው" አለ።

"አዎ።"

"አባረርኩት እኮ። ከዚያም መጥቶ ነበር፤ በር አልከፈትኩለትም።"

"ቢሆንም መከልከልህ ትክክል ነበር አባዬ። ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።"

"እኔ የከለከልኳት ሮብሌ ስለሳቀ ነው" አለኝ። "ሌላ ምክንያት አትስጪኝ።"

አውራ ጣቱን አነሣ፤ ደሙ ድጋሚ ወጣ፤ ድጋሚ ጫነው።

"ለሱ የሚሆን ነገር አለ?"

"የለም።"

"ለእናትሽ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"እንዳትነግሪያት።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ…"

"ስንት ዓመትም ቢሆን። እናትሽ ይሄን በየት በኩል ትሸከመዋለች? በገዛ አፏ? እኔ ለምጄዋለሁ።"

"የኔንስ?"

አየኝ። "ሰባት ዓመትሽ ነበር" አለኝ። ምላጩን ውኃው ውስጥ ነክሮ አራገፈውና የኒቆን ሌላኛውን ጉንጭ ያዘ።

እማዬ ስትመጣ ፀሐዩ በረንዳው ላይ ደርሶ ነበር። ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ኒቆን ልትስም ጎንበስ ስትል አገጩን አየች።

"ቆረጥከው?"

"ተንቀሳቀሰብኝ" አለ አባዬ።

የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ የደረቀውን ደም ጠረገችለት። ኒቆ ሳቀላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ሃያ ዓመት አንሥታው አታውቅም።

"ገና በሆዴ ሳለ ነው ያጎደልከው" አለችው። "አንድ ቁራሽ አፈር ሰጥተኸኝ ቢሆን ዛሬ ይሄ ልጅ ራሱን…"

"እኔ ነኝ አስካለ" አላት አባዬ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከሌላው ጊዜ ሁሉ ፈጥኖ ነበር የመለሰላት፤ እሷ ሳትጨርስ፣ እኔም አፌን ሳልከፍት።